የንጉሥ ልጅ ሆና ተገኘች

ያንን መጽሐፍ የጻፈውን ሰው አላውቀውም። እጃችን ሲገባ ሽፋኑ ተገንጥሎ ስለነበር ስሙን እንኳ አላየሁም። ይሙት ይኑር አላውቅም። ካለ ግን አንድ ነገር ልጠይቀው እፈልጋለሁ፦ ልጅቱን የንጉሥ ልጅ ማድረግ ለምን አስፈለገህ? ውሃ ቀጂ ነበረች እኮ! አንድ መጽሐፍ ሙሉ ውሃ ስታስቀዳት ከርመህ፣ እኛም የኛ ናት ብለን ይዘናት፣ መጨረሻ ላይ ምን ነካህ? ይህን ስጽፍ ዕድሜዬ ሠላሳን አልፏል። በልጆች ተረት ይህን ያህል የምትንጨረጨረው ምን ሆና ነው የሚል ይኖራል። ይበል።

ታላቅ እህቴ ያኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እኔ ዐሥራ ሦስት። ቤታችን ቆቦ ከተማ ዳር፣ አስፋልቱን ተሻግሮ እርሻው የሚጀምርበት ላይ ነው። እናታችን ወገቧን ስለምትታመም እህቴ ከሁለተኛ ክፍል ትምህርቷን ትታ ቤቱን ተሸከመች። ፊደል ትለያለች፤ ማያያዝ ነው ያቃታት። እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። እኔን ትምህርት ቤት ያቆየኝ የእሷ መቅረት እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። በየጠዋቱ ደብተሬን ይዤ ስወጣ እሷ በረት ስትጠርግ እያየሁ ግን ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም ነበር።

ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ወፍ መጠበቅ የእሷ ሥራ ነበር። በራያ ቆላ ማሽላ የዘራ ሰው ግሪሳ ወፍ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ አንድ ጠዋት የተዘናጋ ዓመቱን ሙሉ ሲያዝን ይኖራል። አባታችን እርሻው መሐል በአራት ምሰሶ ላይ ማማ ሠርቶ ነበር። እህቴ እዚያ ላይ ወጥታ፣ አጠገቧ የደረቀ የጭቃ ድብልብል ከምራ፣ ወንጭፏን እያጮኸች ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ትውላለች። ቀትር ላይ ግን ሙቀቱ ወፎቹም ላይ ስለሚበረታ ሆርማት ወንዝ ዳር ያሉት ግራሮች ላይ ሄደው ያርፋሉ። እኔ ከጠዋቱ ፈረቃ ተለቅቄ ምሳዋን ይዤላት የምደርሰው ያን ሰዓት ነው። በልታ ስትጨርስ እጇን በቀሚሷ ትጠርግና «በይማ የያዝሽውን አንብቢልኝ» ትለኛለች።

ያላነበብኩላት ነገር የለም። የሳይንስ መጽሐፌን ሳይቀር፣ ስለ ወባ ትንኝ አራት ገጽ፣ ከነጥያቄው አንብቤላታለሁ። ጥያቄዎቹን ከእኔ የተሻለ ትመልስ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም ከአንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ ያንን ሽፋን አልባ መጽሐፍ ተውሼ መጣሁ።

ታሪኩ በድንጋይ ቅጥር ስለተከበበች ከተማ ነው። ከተማዋ አንድ በር ብቻ አላት፤ በሩ ቁልፍ የለው፣ መቀርቀሪያ የለው፣ ማንም ሲከፈት አይቶት አያውቅም። በየዓመቱ አንዲት ልጅ ከቅጥሩ በላይ ባለው ግንብ ለሚኖር የጥላዎች ጌታ ትዳራለች፤ የሄደች አትመለስም። የዚያ ዓመት ዕጣ የወጣው ለአንዲት ወላጅ ለሌላት ውሃ ቀጂ ነው። ይህች ልጅ ማሰሮዋ ውስጥ ያለው ውሃ ያነጋግራታል። እህቴ ይህን ስትሰማ አልሳቀችም። «ውሃማ ያወራል፤ ጎርፍ ሲመጣ አልሰማሽም?» አለችኝ። እኛ ዘንድ እርሻ የሚጠጣው ጎርፍ እየተጠለፈ ነው፤ አባታችን ከሩቅ ድምፁን ሰምቶ የቱ ቦይ ውስጥ እንደሚገባ ያውቃል። ስለዚህ የውሃው ነገር ለእሷ ምንም የሚገርም አልነበረም።

አንድ ወር ሙሉ አነበብነው። አነበብኩላት ማለቴ ነው፤ ግን እህቴ ዝም ብላ የምትሰማ አልነበረችም። ልጅቱ ስትሳሳት ትቆጣታለች፣ የሚያታልላትን ሰው ቀድማ ታውቀዋለች። «ተይ እሱን አትመኝው፣ አንች ጅል!» ብላ ስትጮህ ወፍ ትነሣለች። መጽሐፉ ያለቀው ልጅቱ ሠርጓ ሰባት ቀን ሲቀረው በሩ ፊት ለፊት ቆማ፣ መዳፏን ስትለጥፍበት በሩ እንደ ሰው ገላ ሞቆ ስታገኘው ነው። ከታች «ክፍል ሁለት ይቀጥላል» ይላል።

«ታዲያ እንዴት ወጣች?» አለች እህቴ።

«እኔ ምን ዐውቄ። ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ነው ያለው።»

«ፈልጊው እንጂ!»

ያኔ ጨዋታ ነበር። ጨዋታ መሆኑ የቀረው ኅዳር ላይ ከጎብዬ በኩል እህቴን ለጋብቻ ሊጠይቅ ሽማግሌ ሲመጣ ነው። ሽማግሌ የላከው ሰውዬ ሠላሳ ዓመት የሞላው ገበሬ ነው፤ ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ጎርፍ የሚያገኝ ጥሩ መሬት አለው፤ አባቴን ያሳመነውም ይኸው ነው። አባቴ እሺ አለ። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ሆነ። እህቴ ሰውየውን ያየችው አንዴ፣ ገበያ ላይ፣ ከጀርባው ነው። እናቴ ዘንድ ሄዳ ስታለቅስ እናቴ ፀጉሯን እየዳሰሰች «ሁላችንም እንዲሁ ነው የሄድነው የኔ ልጅ» አለቻት። እናቴ ይህን ያለችው ለማጽናናት ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ እህቴ ስለ ሠርጉ አንዲት ቃል አልተናገረችም። የምታወራው ስለ በሩ ብቻ ሆነ። ማሽላው ሲቆረጥ፣ አገዳው ሲከመር፣ እንጨት ስንለቅም፣ «እስካሁን አላገኘሽውም?» ትለኛለች። መጀመሪያ ልቧን ለማሳረፍ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። እህቴ ታሪኩን የፈጠራ ነገር ነው ብላ አስባ አታውቅም። አንድ አገር ውስጥ የሆነ፣ አንዲት የእሷ ቢጤ ያደረገችው ነገር ነው፤ ሌላው እንዲማርበት ተጻፈ። «ያልሆነ ነገርማ ማን ቁጭ ብሎ ይጽፋል? ሥራ ፈት ነው?» አለችኝ። ቤታችን ውስጥ የነበረው መጽሐፍ የአባቴ ዳዊት ብቻ ነው፤ በሕትመት መዋሸት እንደሚቻል ማን ይንገራት? እኔ ልነግራት እችል ነበር። ፊቷን አየሁና ተውኩት።

መጽሐፉን ፍለጋ የገባችልን አክስታችን ናት። አክስታችን ልብስ ይዛ ጎብዬም ዋጃም አላማጣም ገበያ ትውላለች፤ የማታውቀው ሰው የለም፤ ማንበብ ግን አትችልም። «በር ፊት የቆመች ልጅ ያለችበት መጽሐፍ» ብዬ ላክኋት። መጀመሪያ ከዋጃ ሽፋኑ ላይ ትልቅ የፋብሪካ በር ያለበት የኬሚስትሪ መጽሐፍ አመጣችልኝ። ቀጥሎ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር። «በር አለው አይደል?» ብላ ተቆጣችኝ። ሦስተኛው ላይ፣ ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ከአላማጣ ከአንዲት ተማሪ ቤት በትውስት ትክክለኛውን ይዛ መጣች። ክፍል ሁለት።

ለእህቴ ሳልነግራት ለብቻዬ አነበብኩት። ከትምህርት ቤት ቀርቼ፣ ከቤታችን ጀርባ ካለው የአገዳ ክምር ሥር ተቀምጬ፣ ስንቅ እንደሚፈልግ ሰው ገጹን እያገላበጥኩ። መውጫውን ነበር የምፈልገው። ልጅቱ በሩን የምትከፍትበትን ዘዴ፣ የምትናገረውን ቃል፣ የምታታልለውን ሰው፤ ብቻ የሆነ ነገር። የማይቻል ከሆነም አለመቻሉን።

አርባኛው ገጽ ላይ አንዲት አሮጊት መጣችና የልጅቱን ልብስ ከትከሻዋ ገለጥ አደረገች። ትከሻዋ ላይ ማርያም የሳመቻት የመሰለ ምልክት አለ። አሮጊቷ ተንበረከከች። ልጅቱ ለካ ውሃ ቀጂ አይደለችም፤ በሕፃንነቷ የጠፋች የንጉሥ ልጅ ናት! በሩም የንጉሥ ዘር ሲነካው ብቻ ነው የሚከፈተው። ነካችው፤ ተከፈተ፤ ወጣች። አለቀ። ገጽ አርባ ሁለት።

አላመንኩም። መልሼ አነበብኩት። ከዚያ በፊት የሄዱት ልጆች ሁሉ፣ ያ ሁሉ ስማቸው ሲጠራ የነበረው፣ በሩን አልነኩትም ማለት ነው? ነክተውታል እኮ፤ አንዷ ጥፍሯ እስኪነቀል ቧጥጣዋለች፤ ክፍል አንድ ላይ እኔ ራሴ ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። ለእነሱ ያልተከፈተው ዘራቸው የንጉሥ ስላልሆነ ነው። ደራሲው ስለእነሱ አንድ መስመር አልጻፈም። የቀረው መጽሐፍ ሁሉ ጦርነት ነው፤ ፈረስ ነው፣ ሰይፍ ነው፣ ዘውድ ነው። ማሰሮዋን የት እንደጣለችው እንኳ አልተጻፈም። በመጨረሻ ልጅቱ ምን ሆነች? አገባች። ልዑል አገባች። ሦስት ቀን ሙሉ ተደገሰላት። ከአንዱ ሠርግ አምልጣ ሌላው ሠርግ ውስጥ ገባች፤ እኔም እልል እንድል ይጠበቅብኛል።

አለቀስኩ። ተናድጄ፣ ንፍጤን እየጠረግኩ፣ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። በማግስቱ እህቴ ፀጉሯን ስትታጠብ ውሃ አፈስላታለሁ ብዬ ቀረብኩና፣ አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል፣ ትከሻዋን አየሁ። በልጅነቷ የፈላ ገንፎ ያተረፈላት ጠባሳ ነው ያለው። ሌላ ምንም የለም።

መጽሐፉ መምጣቱን አክስቴ ነገረቻት። ከሰዓት በኋላ እህቴ ከአገዳው ክምር ሥር መጥታ፣ ነጠላዋን አንጥፋ፣ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። ጉልበቷ ላይ እጆቿን አጣምራ «በይ» አለች። እንዲህ ሆና ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ለሠርጉ ዐሥራ ስምንት ቀን ነው የቀረው።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? «እታለም፣ የንጉሥ ልጅ ሆና ተገኘች፤ አንች ግን የንጉሥ ልጅ አይደለሽም» ልበላት? መጽሐፉን ገልጬ፣ ዓይኔን ፊደሉ ላይ ተክዬ፣ የሌለ ነገር ማንበብ ጀመርኩ። ልጅቱ በጠራራ ፀሐይ ወደ ከተማው ሽማግሌዎች ሄደች አልኩ። ማሰሮዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ቃሉን የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኔ አልሰጠሁም። አልሄድም» አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለቻቸው ልጅ ኖራ ስለማታውቅ አፈሩ። አንድ በአንድ እየተነሡ ወጡ፤ የመጨረሻው ሲወጣ በሩ ያለማንም እጅ ተከፈተ።

ሳነብ ራሴን ወደድኩት። ከደራሲው ይልቅ እኔ እሻላለሁ ብዬም አሰብኩ። ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በሕይወቴ ለአባቴ አንዲት ነገር አይሆንም ብዬ አላውቅም፤ ያን ቃል ለመናገር ምን ያህል ጉልበት እንደሚፈጅ የማውቀው ነገር አልነበረም።

«ድገሚልኝ» አለች እህቴ። ደገምኩላት። «አሁንም።» ሦስተኛው ላይ ቃሉን ረስቼ ትንሽ ቀየርኩት፤ «የሆነ ነገር ዘለልሽ» ብላ አስቆመችኝ። ከዚያ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በቃሏ ያዘችው።

ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከሙሽራው ወገን ሦስት ሽማግሌዎች ስንት አጃቢ እንደሚመጣ ሊነግሩ መጡ። አባቴና አንድ አጎቴ ተቀበሏቸው። እኔ ጓዳው በር ላይ ቆሜ ነበር። እህቴ ጠላ ልትቀዳ ገባች። ለመጀመሪያው ቀዳች፤ ለሁለተኛው ቀዳች፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ቀና አለች። ማሰሮውን ስታስቀምጥ ሳይ ምን ልታደርግ እንደሆነ ገባኝ።

«ቃሉን የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኔ አልሰጠሁም። አልሄድም» አለች። አንዲት ቃል አልዘለለችም።

ማንም አላፈረም። ማንም አልተነሣም። አንደኛው ሽማግሌ የያዘውን ጠላ ጠጥቶ ጨረሰና ጽዋውን አጠገቡ አኖረ። አባቴ ፊቱ ጠቁሮ «ማነው ይኸን ያስተማረሽ?» አላት።

«ማንም አላስተማረኝም። ተጽፏል» አለች እህቴ፤ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ ግን ኩራት ነበረበት። «በሌላ አገር ያለች ልጅ እንዲሁ ብላ ትተዋታል። እሷ አንብባልኛለች።» ወደ እኔ አመለከተች።

ሁሉም ዞሩብኝ። በዕድሜ ትልቁ ሽማግሌ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። አልተቆጡኝም። «ነይ እስቲ ልጄ፣ አትፍሪ። እውነት እንዲህ የሚል ተጽፏል?» አሉኝ።

እህቴ ታየኛለች። ከዓይኗ ውስጥ የነበረውን ዛሬም ሳስበው ምግብ አይወርድልኝም። ምንም አልጠረጠረችም። «አዎ» እንድል ብቻ ነበር የምትጠብቀው፤ አንዲት ቃል። ምናልባት «አዎ» ብል ኖሮ ምንም አይለወጥም ነበር፤ ይኼንን ስንት ዓመት ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። እኔ ግን የአባቴን እጅ አየሁ።

«አልተጻፈም» አልኩ።

ስለዚያ መጽሐፍ እውነት የተናገርኩት ያኔ ብቻ ነው።

ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ፣ እስካሁን ዝም ብሎ የነበረው፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው የሚባል። እኛ ደግሰናል፤ ዘመድ ጠርተናል። ቃል የተሰጠን ደግሞ ከዚህ ቤት ልጅ እንድንወስድ ነው እንጅ የግድ ይችን እንድንወስድ አይደለም» አለና አገጩን ወደ እኔ አነሣ። «ይችኛዋ ስንት ዓመቷ ነው?»

አባቴ ገና ሕፃን ናት እንዲል ጠበቅኩ። አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። አንገቱን ደፍቶ የነጠላውን ጫፍ ይጠቀልል ጀመር። አባቴ እንደሚወደኝ ዐውቃለሁ፤ ቢሆንም ያን ሰዓት እያሰበበት ነበር። እኔ መጮህ እችል ነበር። ለሌላ ሰው የፈጠርኩትን ያንኑ ቃል እኔም ማለት እችል ነበር። አላልኩትም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ዝምታ ነቅዟል።

«ተውት» አለች እህቴ። ጎንበስ ብላ ማሰሮውን አነሣች። «እሄዳለሁ። እሷን ተዋት፤ ትማር።» ከዚያ ያልተቀዳለትን ሦስተኛውን ሽማግሌ ቀዳችለት። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

በሠርጉ ቀን ልጃገረዶቹ ሲዘፍኑ እኔ ከአገዳው ክምር ሥር ሄጄ ተደበቅኩ። ሚዜዎቹ ይዘዋት ሲወጡ ሆታው እዚያ ድረስ ይሰማኛል። ፈልጋኝ ነበር አሉ፤ «የት ሄደች? ልሳማት» ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃለች። አልወጣሁም። ምን ፊት አለኝና ነው የምወጣው?

እኔ ተማርኩ። ሰባተኛን፣ ስምንተኛን፣ ዐሥረኛን አለፍኩ፤ ኮሌጅ ገባሁ፤ ተመልሼ ቆቦ ውስጥ አስተማሪ ሆንኩ። የሥራ ደብዳቤዬን የተቀበልኩ ቀን ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ሲለኝ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ ዋልኩ።

እህቴ አልፎ አልፎ ከጎብዬ ትመጣለች። ባሏ አይመታትም፤ ይኸን ደጋግማ ትነግረኛለች፤ ለዚህ አመስግኝ የምትለኝ ይመስለኛል። የመጨረሻ ልጇን ልታስከትብ የመጣች ጊዜ እኔ የተከራየኋት ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር። ሕፃኗን እያጠባች፣ መንገዱን እያየች፣ ከየት እንዳመጣችው ሳይታወቅ ያችን የመጽሐፉን ልጅ አነሣችብኝ። ስንት ዓመት አንሥተናት አናውቅም።

«ያኔ አልተጻፈም ያልሽው ፈርተሽ እንደሆነ ዐውቃለሁ» አለችኝ። «ልጅ ነበርሽ። አልተቀየምኩሽም እኮ፤ ደሞ እንዳይመስልሽ።»

አሁን ንገሪያት አልኩ ራሴን። አለመጻፉን ንገሪያት፤ ያንን ያደረገች ልጅ በዓለም ላይ የለችም በያት፤ ከአንች በቀር ማንም አላለውም በያት። አፌን ከፈትኩ።

«እሷ ግን ጀግና ናት» ብላ ቀደመችኝ። «እንዲያ ቆማ፣ እስከ መጨረሻው። እኔ እንደ እሷ አልሆንኩም፤ ወዲያው ነው የተሸነፍኩ። ስንት ጊዜ በራሴ አፍሬያለሁ መሰለሽ።» ጡቷን ከሕፃኗ አፍ አውጥታ ቀሚሷን አስተካከለች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ሁሌ እረሳለሁ። ያች ልጅ ታናሽ እህት ነበረቻት?»

«አልነበራትም» አልኳት።

«እንግዲያውስ ለዚያ ነው» አለች፤ ፊቷ ትንሽ ቀለል ሲለው አየሁ። ከዚያ ሚኒባስ እንዳያመልጣት ልጇን አዝላ ተነሣች።